የአንድ ሰው ሰልፍ በአል-ሒስዋ

ኤደን ደርሼ ተመለስኩ። ይህን የሰማ የኮምቦልቻ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «በጀልባ?» ብሎ ነው። በአውሮፕላን መሄዴን ስነግረው ቅር ይለዋል፤ ሊሰማ የተዘጋጀውን ታሪክ የነጠቅኩት ይመስለዋል። ለእያንዳንዱ ከማስረዳት አንዴ ጽፌው ብገላገል ይሻላል ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ወደዚያ ለመሄድ ያሰበ አንባቢ ካለ ሐሳቡን ይተው። ያላሰበ አረፍ ብሎ ያንብብ።

የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀይ ባሕርንና የኤደንን ባሕረ ሰላጤ በጠመኔ ስስል ኖሬያለሁ። በዓይኔ ያየሁት ትልቁ ውሃ ግን የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ነው። እስከ ባሕሩ የላከኝ ሙያዬ አይደለም፤ እናቴ ሐሊማ ናት። ታናሽ ወንድሟ ይመር በደርግ ጊዜ የባሕር ኃይል ተራ ወታደር ነበር። ደርግ ሲወድቅ መርከቦቹ ወደ የመን ተሻገሩ ተባለ፤ የይመር ወሬ ግን ጠፋ። ሁለት ዓመት ተጠበቀ። ከዚያ ሽማግሌዎች መጥተው ሞቷል ተብሎ ዱዓ ይደረግለት አሉ። በሬ ታረደ፣ ሶደቃ ወጣ። ጥሩ በሬ ነበር። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሥጋው ሁለት ጊዜ እንደደረሰኝ አስታውሳለሁ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ፣ ከእኛው አካባቢ ሄዳ ኤደን ሰው ቤት የምትሠራ ዘሃራ የምትባል ሴት ውሃ ቦቴ ፊት ተሰልፋ ሳለ አንድ ሽማግሌ ጀሪካኑን በወሎ አማርኛ ሲቆጣ ሰማች። ጠጋ ብላ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀችው። ፎቶውን ላከችልን። ከበሬው የበላን ሁሉ አንገታችንን ደፋን።

የእናቴ አንድ ዓይን ጠፍቷል። ሁለተኛውም ዓመት ሳይሞላ እንደሚጠፋ ሐኪሙ ነግሯታል። በስልክ ምስል ልናገናኛቸው ሞክረን ነበር፤ ግን ኤደን መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል። እናቴ ስክሪኑ ላይ ደርቆ የቀረ አንድ ጆሮ ለሃያ ደቂቃ ተመልክታ ስልኩን መለሰችልኝ።

«ጆሮ አይደለም የጠየቅኋችሁ» አለች። «ሳይጨልምብኝ ፊቱን አምጡልኝ።»

እንዲህ ሆኖ ነው የሄድኩት።

የመጀመሪያው ቀን። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ስለምታውቁት አልነግራችሁም። ከአዲስ አበባ እስከ ኤደን ያለው በረራ ደግሞ ለመጻፍም አይበቃም። ስንቱ የወሎ ልጅ የሚያልቅበትን ባሕር እኔ የሰጡኝን ሳንድዊች ሳልጨርስ ተሻገርኩት። በመስኮት ቁልቁል አየሁት። ሰማያዊ ነው፤ ተማሪዎቼን አልዋሸኋቸውም።

ኤደን አውሮፕላን ማረፊያ የፓስፖርቱ ሹም ሐበሻ በአውሮፕላን መምጣቱ ስለገረመው ባልደረቦቹን ጠርቶ አሳያቸው። ከዚያ ሻንጣዬ ተከፈተ። እናቴ ለወንድሟ አምስት ኪሎ በሶ በጨርቅ ሰፍታ ልካ ነበር። ነጠላ ጫማ ያደረገ፣ መሣሪያ ያነገተ ወታደር ከረጢቱን በጣቱ ወጋና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ልጅ ሆኜ የቀራሁት ቁርኣን ስለ በሶ የሚያስረዳ ዐረብኛ አላስተማረኝም። በእጄ ወደ አፌ አመለከትኩ። እንግዲያው ብላው አሉኝ። ደረቅ በሶ አፉ የሞላ ሰው ማስነጠስ የለበትም፤ እኔ ግን አስነጠሰኝ፣ የሹሙም ልብስ በሶ በበሶ ሆነ። በዚያች ደቂቃ እስር ቤቱን በዓይነ ሕሊናዬ ጎበኘሁት። ደግነቱ አንዱ ወታደር ውሃ አመጣ። በሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ላይ አሽቼ፣ ጨው ነስንሼ ሰጠኋቸው። አራት ሆነው ግማሹን ጨረሱትና ሹሙ ከነበሶው ማኅተም መታልኝ።

ዘሃራ ከመዳሟ የግማሽ ቀን ፈቃድ አውጥታ ውጭ ትጠብቀኝ ነበር። ከዓይኗ በቀር ሁሉ ነገሯ በጥቁር ተሸፍኗል፤ ስለዚህ እሷ አወቀችኝ እንጂ እኔ አላወቅኋትም። አውሮፕላን ማረፊያው ካለበት ሰፈር፣ ከኮርማክሳር፣ ዳባብ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፈርን። የእኛ ሚኒባስ ሰው ሲሞላ ይሄዳል። የእነሱ ግን ሾፌሩ ጫቱን መርጦ ሲጨርስ ነው የሚሄደው። ሙቀቱ የኮምቦልቻን ሰው የደጋ ሰው ያደርገዋል፤ ከዚህ በኋላ ስለ ሰኔ ሙቀት የሚያማርር ዘመድ ካለኝ አልሰማውም።

ያረፍኩት ሼኽ ዑስማን፣ ቃሂራ የተባለው ሰፈር ነው። ዘሃራ ከሦስት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ስለምትኖር ጎረቤቷ አቦ ሳላህ ዘንድ አሳረፈችኝ። አቦ ሳላህ ደሴ ተወልደው ያደጉ የመናዊ ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይበልጥ የደሴ ነው። ሩዝ በዓሣ አቀረቡልኝና ገና ሳልጎርስ ጦሳ ተራራ ላይ ጭጋጉ ዛሬም ይወርድ እንደሆነ ጠየቁኝ። ይወርዳል አልኳቸው። ተነሥተው ከሣጥን ውስጥ ደሴ የገዙትን የሱፍ ሹራብ አውጥተው አሳዩኝ። እኔ በላብ ልሟሟ ደርሻለሁ፤ እሳቸው ሹራብ ይዳብሳሉ። ደሴ ሳሉ ዐረብ ይሏቸው ነበር፤ እዚህ ደግሞ ሐበሻ ይሏቸዋል። ይህን እየሳቁ ነው የነገሩኝ።

ዘሃራ ስትሰናበት የቤቱን ሕግ አስታወቀችኝ። «ጋሼ፣ ካህረባ ለሁለት ሰዓት ይመጣል፣ ከዚያ ኸላስ። ባንካው ሲቆም አይናደዱ። ሰብር ነው።» ካህረባ የሚሉት መብራቱን፣ ባንካ የጣሪያ ማራገቢያውን፣ ሰብር ደግሞ ትዕግሥትን ነው። ማራገቢያው ወዲያው ቆመ፤ እኔም ተናደድኩ።

ሁለተኛው ቀን። አል-ሒስዋ ከሼኽ ዑስማን ሩቅ አይደለም። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ እዚያ ነው፤ ጭስ ማውጫው ከሩቅ ይታያል፤ ጭሱ ግን አይታይም። ከጎኑ ረግረግ አለ፣ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ቆመውበታል። የቦርከናን ረግረግ ያየ ሰው አይደነቅም። አጎቴ የሚኖረው ከዚያ አለፍ ብሎ ባለ አንድ አሮጌ የበረዶ ቤት ነው። ለዓሣ አጥማጆች በረዶ ይሠራበት ነበር አሉ። ባለቤቱ ጦርነቱ ሲጀመር ወጥቶ አልተመለሰም። መብራት የለም፣ ስለዚህ በረዶ የለም፣ ስለዚህ የሚሰረቅ የለም። ጠባቂዎች ግን አሉ፤ ሁለት።

ዘሃራ ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እንድንደርስ ለምን እንደቸኮለች የገባኝ በሩን ስንገፋ ነው። ግቢው መሐል አንድ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ቀጭን ሽማግሌ በከዘራ ተደግፈው ቆመዋል። አንድ እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ፊት ለፊታቸው ሽርጥ ያገለደመ፣ ስልሳ የደፈነ ሰው ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ሽማግሌው ደብተር ገለጡ።

«ይመር አሊ!»

«አቤት!»

ሌላ ስም የለም። ሽማግሌው ግን ደብተሩን ቁልቁል እስከ ታች አዩት፣ ከዚያ ሁሉም መገኘቱን አስታወቁ።

አጎቴ ነው። የእናቴ አገጭ፣ የእናቴ ቅንድብ። ሮጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ግንድ ያቀፍኩ ያህል ነበር፤ እጁን እንኳ አላነሣም። ዓይኖቹ ከእኔ አልፈው ሽማግሌውን ያያሉ።

«ማነው?» አሉ ሽማግሌው።

«የእህቴ ልጅ ይመስለኛል፣ ጌታዬ» አለ አጎቴ፣ እንደቆመ።

«እረፍ። ተፈቅዷል።»

ያኔ አቀፈኝ። ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም፤ ትከሻዬ ረጠበ። ሽማግሌው እስኪበቃን ጠብቀው ስሜን ደብተሩ ላይ «ጎብኚ፣ ሲቪል» ብለው መዘገቡ።

ሃምሳ አለቃ ተሰማ ይባላሉ። መርከቧ ላይ የአጎቴ አለቃ ነበሩ። መጀመሪያ ሰልፉ ላይ አርባ የሚሆኑ ሰዎች እንደነበሩ ዘሃራ ነግራኛለች። ገሚሱ ውጭ አገር ሄደ፣ ገሚሱ ሞተ። ሰልፉ ግን አልቀረም። ሰው ሲቀንስ ሃምሳ አለቃው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል እንጂ ሰዓቱን አልለወጡም። ይህን ስሰማ ሳቄን ለማፈን ረግረጉን እያየሁ ቆምኩ። የራሴ ትምህርት ቤት በየጠዋቱ መምህራንን በፊርማ የሚቆጥርበት መዝገብ አለው፤ እሱ አስቆኝ አያውቅም።

ሦስተኛው ቀን። አጎቴ ስለ በሬው ጠየቀኝ። ምን ዓይነት ነበር? ቡላ ነው አልኩት። ማን ማን መጣ? ብዙ ሰው። እነእንትና አልቅሰዋል? አልቅሰዋል አልኩ። አንድ ሦስቱን ራሴ ጨመርኩለት። ደስ አለው።

የእናቴን መልእክት ነገርኩት። የመመለሻ ወረቀቱን ዘሃራ ኮርማክሳር ካለ ቢሮ ቀድማ አስጨርሳ ነበር፤ ለአንድ ጊዜ መሄጃ ብቻ የሚያገለግል ወረቀት ነው። ቲኬቱም ተይዟል፤ የቀረን አምስት ቀን ነው። አጎቴ ወረቀቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ፈቃድ ማውጣት አለብኝ» አለ።

«ከማን?»

ተነሥቶ ሄደ። በሃምሳ አለቃው ክፍል በር ላይ ቆሞ እግሩን ገጥሞ ጠየቀ። ጥያቄው እየታየ መሆኑና መልሱ በጊዜው እንደሚገለጽ ተነገረው። ይህን አነጋገር ከወረዳችን ጽሕፈት ቤት በቀር የትም አልሰማሁም ነበር፤ ባሕር መሻገሩን አላወቅሁም።

ያን ቀን ሽንኩርት እየላጠ ታሪኩን ነገረኝ። ለብሔራዊ ውትድርና ሲታፈስ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ወደ ሰሜን ወስደው መዋኘት የምትችሉ እጃችሁን አውጡ አሏቸው። እሱ አላወጣም። እጃቸውን ያላወጡት በሙሉ ለባሕር ኃይል ተመደቡ። ባሕሩን የሚፈራ ሰው መርከቡን አይለቅም ብለው ይሆናል ይላል። እንደ ሽጉጥ ያለ ነገር ተሰጥቶት አያውቅም፤ የተሰጠው የወጥ ቤት ቢላዋ ነው።

«መርከቧ ስትነሣ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው» አለኝ። «ለምሳ ነው አሉኝ። ልጬ ጨርሼ ቀና ስል አሰብ የለችም። ምሳውን የመን በላነው።»

የኤደን ኑሮውም እንደዚያው ነው። ደቡብና ሰሜን ሲዋጉ አንድ ምግብ ቤት ሽንኩርት እየላጠ ነበር። አሁን ያለው ጦርነት ከተማው ሲገባም ሽንኩርት እየላጠ ነበር። ጥይቱ ጋብ ሲል ወጥቶ ባንዲራ ያያል፤ ሌላ ይሆናል፤ ተመልሶ ይልጣል። እኔ ክፍል ውስጥ መንግሥታት የሚወድቁበትን ምክንያት ስድስት ነጥብ አድርጌ አስጽፋለሁ። ሽንኩርት አንዱም ውስጥ የለም።

አራተኛው ቀን። እነሆ ጥፋቴ።

መልሱ አልመጣም፣ ቀኑ ይሄዳል። አጎቴ ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ ሃምሳ አለቃው ዘንድ ገባሁ። አጎቴ በየጠዋቱ ከሰልፍ በኋላ የሚያጥብላቸውን እግር ወንበር ላይ አሳርፈዋል። ስኳር ነው፣ ቁስሉ አይድንም። ግድግዳው ላይ አንዲት ካልሲ ተሰቅላለች። ውስጧ ማኅተም እንዳለ አጎቴ ነግሮኛል፤ መኮንኖቹ ከመርከቧ ሻንጣ ሲያወርዱ ሃምሳ አለቃ ተሰማ ያወረዱት ማኅተሙን ነው። «ስንቅ ክፍል» ይላል። አጎቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፈቃድ ሲወጣ የነበረው ከምስርና ከዘይት ጋር በአንድ ማኅተም ነው። ቀለሙ ድሮ አልቋል፤ አሁን በሻይ ዝቃጭ ይመታል።

ስለ እናቴ ዓይን ነገርኳቸው። ከዚያ ብልጥ ነኝ ባይ ነኝና፣ ፈቃዱን ይተዉትና አንደኛውን ያሰናብቱት አልኳቸው።

«ማን ጠየቀ? እሱ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

እግራቸውን አዩ፣ በሩን አዩ። «ልክ ነው» አሉ። «ቆይቷል።» ወረቀት እንዳቀብላቸው በእጃቸው አመለከቱኝ። በሁለት ሽማግሌዎች ቀልድ መሐል ገብቼ ነገሩን በዐሥር ደቂቃ የጨረስኩ መስሎኝ እያፏጨሁ ወጣሁ።

አምስተኛው ቀን። ስንብቱ በሰልፉ ላይ ተነበበ። ጽሑፋቸው ያምራል። ተራ ወታደር ይመር አሊ ከዛሬ ጀምሮ ከአገልግሎት በክብር ተሰናብቷል። አጎቴ ወረቀቱን ተቀበለ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል። ደስ ያለው መስሎኝ ልጨብጠው እጄን ዘረጋሁ።

«ሠላሳ ዓመት ከሰልፍ ቀርቼ አላውቅም» አለኝ። «ምን አጠፋሁ?»

ምንም አላጠፋህም፣ ነፃ ወጣህ እኮ፣ እንሂድ አልኩት። ግድግዳው ሥር ተቀመጠ።

«አልሄድም። ፈቃድ የሚሰጠው መመለሻ ላለው ሰው ነው። እስከ ትናንት ወታደር ነበርኩ። ዛሬ ምን ሆኜ ነው እህቴ ፊት የምቆመው? ወታደር ሆኜ ወጥቼ ስደተኛ ሆኜ ልግባ?»

ሃምሳ አለቃው ደግሞ ክፍላቸው ውስጥ ሆነው «ይመር ከዚህ መገላገል ፈልጎ፣ ሊነግረኝ አፍሮ በሲቪል ላከብኝ» ብለው ያዝናሉ። ሁለቱም አይነጋገሩም። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ዐሥር ሰዓት ላይ ዘሃራ መጣችና የሆነውን ስነግራት ዓይኗ ብቻ ቢታይም ፊቷን በሙሉ አነበብኩት።

«ወላሂ ጋሼ፣ ያሳዝናሉ» አለችኝ። «ተምረው ነው አይደል?»

ስድስተኛው ቀን። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሃምሳ አለቃው ግቢው መሐል ብቻቸውን ቆሙ። ደብተሩን ገለጡ። ዘጉት። አጎቴ ከጓዳ ያያቸዋል። ከዚያ ሳፋውን ይዞ ወጣ፣ ተንበረከከ፣ እግራቸውን አጠበ፣ ፋሻውን ለወጠ፣ ገባ። እኔ በዚያ ግቢ ውስጥ እንደዚያን ጠዋት አፍሬ አላውቅም። ከመጣሁ ጀምሮ ስስቅበት የነበረው ነገር እነዚህን ሁለት ሰዎች ሠላሳ ዓመት ከመበተን ያዳናቸው ነገር ነው፤ እኔ በአንድ «አዎ» አፈረስኩት።

ገብቼ ይመር አልጠየቀም፣ ዋሽቻለሁ አልኳቸው። በቃል የሚሻር ትእዛዝ የለም አሉኝ፤ በጽሑፍ ይቅረብ። ስለዚህ ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ በሐሰተኛ መረጃ የተሰጠ ስንብት እንዲሻርልኝ ስለመጠየቅ» ብዬ ጀመርኩ፤ በሃያ ሁለት ዓመት የመንግሥት ሥራ እንደዚያ ከልቤ የጻፍኩት ማመልከቻ የለም። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። አንድ ሆሄ አረሙልኝ።

«ለአለቃ መዋሸት ቅጣቱ ምንድን ነው?» አሉ።

«ሲቪል ነኝ እኮ።»

«ሲቪል መሆንህ አልጠቀመህም። ወጥ ቤት።»

አጎቴ ለምግብ ቤት የሚልጠውን ጆንያ ሙሉ ሽንኩርት ላጥኩ። በግማሽ ላይ አጎቴ መጣና ቢላዋ እንዴት እንደሚያዝ እያሳየኝ ከጎኔ ተቀመጠ። ሃምሳ አለቃው ነግረውታል። አልተቆጣኝም፤ ሽንኩርቱን አበላሸህ ብቻ አለኝ። ሁለታችንም አለቀስን። ሽንኩርቱ ነው ብል ማንም አይመረምረኝም፣ ግን ሽንኩርቱ አልነበረም።

ሰባተኛው ቀን። ሰልፍ። «ይመር አሊ!» ሲባል የመለሰው «አቤት» ወፎቹን ከረግረጉ አስነሣ። ስንብቱ ተቀደደ። በፈንታው ሌላ ወረቀት ተነበበ፤ የቤተሰብ ጉዳይ ፈቃድ፣ ሠላሳ ቀን፣ በሠላሳ አንደኛው ቀን ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሰልፍ ላይ እንዲገኝ። የሻይ ማኅተም።

እግራቸውን ማን እንደሚያጥብ ተመከረ። አቦ ሳላህ እኔ ቤት ይምጡ አሉ። ሃምሳ አለቃው ጥበቃዬን ጥዬ አልሄድም አሉ። መጨረሻ ላይ ዘሃራ ከመዳሟ የጠዋት ፈቃድ አወጣች። ሐበሻ ሁሉ እዚያ በሰው ፈቃድ ነው የሚኖረው፤ ሃምሳ አለቃው ብቻ ናቸው ሰጪ የሆኑት።

ስምንተኛው ቀን። አቦ ሳላህ ሹራባቸውን ለአጎቴ ሰጡት፤ የሚለበስበት አገር እየሄድክ ነው ብለው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ያው የበሶው ሹም ነበር። የመንግሥትን የመመለሻ ወረቀት ገለባበጠና መቼ ትመለሳለህ ብሎ አጎቴን ጠየቀው። ወረቀቱ መሄጃ ብቻ እንደሆነ ላስረዳ አፌን ስከፍት አጎቴ የሃምሳ አለቃውን ፈቃድ ዘረጋለት። ሹሙ ከአማርኛው አንድ ፊደል አያነብም። ማኅተሙን ግን አየና፣ ወረቀቱን በአክብሮት አጥፎ መለሰለት፤ የእኔን ፓስፖርት ወረወረልኝ። በአየር ላይ አጎቴ ሳንድዊቹን አልነካም። ባሕሩን በመስኮት እያየ፣ ያኔ ሲሻገረው ምሳ እየሠራ ስለነበር እንዳላየው ነገረኝ።

ዘጠነኛው ቀን ኮምቦልቻ ገባን። እናቴ ማንም ቀድሟት እንዳይነካው አዝዛ ነበር። አጎቴን በእጁ ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ፊቱን በሁለት መዳፏ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ አገጩን ቀና፣ ዝቅ።

«አርጅተሃል» አለችው።

«አንቺም» አላት።

«ማታ ማታ በሐሳቤ ስስልህ ወጣት ነበርክ» አለች፣ ከዚያ ሁላችንም አለቀስን። የበሬው ነገር በዚያ ቀን አልተነሣም።

ጉዞው እዚህ ላይ አለቀ። ወረቀቱ ግን አላለቀም። ሠላሳ ቀኑ ሲቃረብ አጎቴ ሻንጣውን አዘጋጀ። እናቴ አልለመነችውም፤ ወደ እኔ ዞር ብላ ብቻ ተቀመጠች። ብዕሬን አወጣሁ። «ጉዳዩ፦ የፈቃድ ማራዘሚያ ስለመጠየቅ።» ለዘሃራ በስልክ ላክሁት፣ በሦስተኛው ቀን የሻይ ማኅተም ያለበት መልስ ፎቶው መጣ፦ ሃያ ቀን ተፈቅዷል። አሳትሜ ሰጠሁት። ከዚያ ዐሥራ አምስት ቀን። ከዚያ እንደገና ሠላሳ። ስስቅባቸው የነበርኩት እኔ አሁን የሃምሳ አለቃ ተሰማ ጸሐፊ ሆንኩ። በየጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አጎቴ ግቢያችን ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ቆሞ ይገባል። የእናቴ ዓይን በአምስተኛው ወር ጠፋ። እስከዚያ ግን ጠግባ አየችው።

ባለፈው ሳምንት ዘሃራ ደወለች። ሃምሳ አለቃው የእግራቸው ቁስል ወደ ላይ ወጥቶባቸው ሞቱ። አቦ ሳላህና የሰፈሩ ሰዎች ቀበሯቸው። የአጎቴ ፈቃድ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ልነግረው ሞክሬ አልቻልኩም። ቁጭ ብዬ በአሮጌዎቹ ወረቀቶች ላይ እያየሁ ያን የሚያምር ጽሑፍ አስመስዬ ማራዘሚያ ጻፍኩ። ማኅተም ስለሌለኝ የትምህርት ቤታችንን መታሁበት፣ በሻይ ነው፣ ፊደሉ ደብዝዞ አይለይም ብዬ።

አጎቴ መነጽሩን አደረገ። አነበበው፤ ደገመው። ማኅተሙ ላይ ብዙ ቆየ።

«መቼ ነው?» አለኝ።

«ማክሰኞ።»

«እግራቸውን አጥበውላቸው ነበር?»

«ዘሃራ በየጠዋቱ ታጥብላቸው ነበር።»

እንባው መነጽሩ ሥር ወረደ፣ አልጠረገውም። ከዚያ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ቆለፈና ወረቀቱን ወደ እኔ መለሰው።

«ከፊርማው ሥር ማዕረግ ይጻፋል» አለ።

«ማዕረግ የለኝም እኮ።»

«መምህር በል።»

ጻፍኩ። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። እናቴ ከውስጥ ድምፁን ሰምታ ኖሮ ስንት ቀን ጨመሩልህ ብላ ጠየቀችው።

«ሌላ ትእዛዝ እስኪመጣ» አላት።